ባልዲውና ቁልፉ

ባልዲው ቤታችን የደረሰው አንድ የጥቅምት ሐሙስ ማታ ነው። የጎረቤታችን የወተት ላም አርቢው ሚስት በር አንኳኩታ ሰማያዊ የፕላስቲክ ባልዲ አስጨበጠችኝና "ከሰኞ ጀምሮ ተራው የእኛና የእናንተ ነው" አለችኝ። ውስጡ የታጠፈ ጨርቅ፣ የጎማ ጓንት፣ አንድ ጠርሙስ ኮምጣጤ፣ በላስቲክ የተለበጠ ካርድና በገመድ የታሰረ ቁልፍ አለ። የምንሄድበት የሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ነው። ወደዚያ አገር፣ ወደ አሜሪካ፣ ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ቅር ነው ያለኝ። ስደተኞች ስለሆንን ለጽዳት ያጩን መሰለኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ አረጋውያን መጦሪያ ስወለውል፣ ስገለብጥ፣ ሳጥብ የምውል ሰው ነኝ። ባለቤቴም ማታ ማታ ዶሮ ማረጃ ነው የሚሠራው፤ ባልዲውን አይቶ "እዚህም?" አለ። ካርዱን ስገለብጠው ግን ወደ 50 የሚጠጋ ቤተሰብ በፊደል ተራ ተዘርዝሯል። ፓስተሩ በአንድ ትራክተር ጠጋኝና በአንዲት ባልቴት መካከል ተጽፏል። እኛ ብቻ ከፊደሉ ወጥተን ከጎረቤታችን ጎን ገብተናል፤ ኋላ እንደገባኝ አዲስ የመጣ ቤተሰብ የመጀመሪያ ተራውን ከሚያውቅ ሰው ጋር እንዲሠራ ስለሚፈልጉ ነው።

ቦታው ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ላንካስተር ካውንቲ ነው። ከ2006 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ዘጠኝ ዓመት እዚያ ኖረናል። ይህን አሁን የምጽፈው፣ በዛሬው ከተማችንም ሆነ በሌላው አካባቢ የእኛ ሰው አጥቢያዎች አንድ በአንድ የራሳቸውን ሕንፃ እየገዙ ስለሆነ ነው። ለመግዣው ገንዘብ ሲዋጣ እልልታው ሌላ ነው። ከተገዛ በኋላ ሽንት ቤቱን ማን እንደሚያጥብ ግን በዚያ ስብሰባ ላይ የሚጠይቅ የለም።

ሜኖናይቶች ዘንድ እንዴት ደረሳችሁ ለሚለኝ፣ ለእኛ እንግዳ ሰዎች አልነበሩም። እኔ ናዝሬት ተወልጄ ያደግሁ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ እሷም የሜኖናይት ወገን ናት። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የሜኖናይት ሚሲዮናውያን ብዙዎቹ ከዚሁ ከላንካስተር አካባቢ የተላኩ ነበሩ፤ የላካቸው ቦርድ መቀመጫ ሳሉንጋ የምትባል መንደር ነበረች። የናዝሬቱን የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚያውቅ እነሱንም ያውቃል። የቤተ ክርስቲያናችን ስም ራሱ፣ ሜኖናይቶች የተሰየሙበት የ16ኛው መቶ ዘመን መሪ ሜኖ ሲሞንስ አብዝቶ ይጠቅሰው ከነበረው፣ መሠረቱ ክርስቶስ ነው ከሚለው ከ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥11 ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ መጦሪያው ውስጥ ከማጥባቸው አሮጊቶች አንዷ "ጤና ይስጥልኝ" ብላ ስትቀበለኝ ብዙም አልገረመኝም። ሐረርጌ፣ ደደር የኖረች ነርስ ነበረች።

መሰብሰቢያ ቤቱ ግን አስገርሞኛል። በበቆሎ ማሳ መካከል የቆመ የጡብ ቤት ነው። ደወል የለው፣ ጉልላት የለው፣ ከሩቅ ሲያዩት የቀበሌ አዳራሽ። ከፊት ሁለት በር አለው፤ ድሮ ወንዶች በአንዱ ሴቶች በሌላው ይገቡበት የነበረ ነው። ከጎኑ መቃብር፣ ከጀርባው ደግሞ የፈረስና የጋሪ ማቆያ ዳስ የነበረበት ሣር አለ። ይህ ቀለል ያለ አሠራር የእምነታቸው ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን በባልዲው በኩል ሳየው ሌላም ጥቅም ታየኝ። ጉልላት የሌለው ቤት ጣሪያው ሲያፈስ መሰላል ያለው ገበሬ ወጥቶ ያየዋል። ባለ ቀለም መስታወት የሌለው መስኮት ሲሰበር ከከተማ ባለሙያ አይጠራለትም።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ሁለት ቤተሰብ ለሁለት ሳምንት ነው። በዚህ ስሌት 50 ቤተሰብ ሲኖር ተራው በዓመት አንዴ ገደማ ይደርሳል። ካርዱ ላይ ሥራው በአጭር በአጭሩ ተጽፏል፦ አግዳሚ ወንበሮቹን መወልወል፣ ምንጣፉን በቫኪዩም መጥረግ፣ የሕፃናት ክፍሉን አሻንጉሊት በሳሳ በረኪና ማጠብ፣ ሽንት ቤት፣ ቆሻሻ ማውጣት፣ ምድር ቤት ያለውን የእርጥበት መምጠጫ ማሽን ውኃ መድፋት። (የፔንሲልቬኒያን በጋ የማያውቅ ይህ የመጨረሻው ምን ያደርጋል ይል ይሆናል። ለአንድ ሳምንት ተረስቶ ይየውና የመዝሙር መጽሐፎቹን ያሽትታቸው።) መስኮት የሚጸዳው በኮምጣጤና በአሮጌ ጋዜጣ ነው። አራት ሰው ሆነን ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃን ነበር። ልጆቹም ይመጣሉ። የጎረቤታችን የሰባት ዓመት ልጅ ሥራው የወንበር ኪሶች ውስጥ የቀሩ የከረሜላ ወረቀቶችን መልቀም ነበር፤ ሥራውን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ከሁሉ በላይ ልብ ያልኩት ግን ከዝርዝሩ ማንም እንዳይወጣ ያደረጉትን ነው። ከፓስተሩ ቀጥላ የተጻፈችው ባልቴት ጉልበቷ አይታጠፍላትም፤ ምንጣፍ መጥረግ አትችልም። "እማማ ይቀመጡ፣ እኛ እንሠራልዎታለን" ማለት የእኛ ወግ ነው። እነሱ እንደዚያ አላሉም። በዓመት ሁለት ጊዜ ቅዱስ ቁርባን ሲወስዱ እርስ በርሳቸው እግር ይተጣጠባሉ፤ ወንዱ ለወንድ፣ ሴቷ ለሴት። የእግሩን ፎጣ አጥቦ፣ ተኩሶ፣ አጣጥፎ ከሳህኖቹ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ መመለስ የእሷ ሥራ ነው። ካርዱ ላይ ስሟ ከሌሎቹ እኩል ተጽፎ ከፊቱ "ፎጣ" ይላል። አንድ ጊዜ ላግዝሽ ብላት ተቆጣችኝ።

ገንዘቡና ከባዱ ሥራ በሦስት ባለአደራዎች እጅ ነው። የአገልግሎት ዘመናቸው ሦስት ዓመት ሲሆን በየዓመቱ አንዱ ይወርዳል፣ አንዱ ይመረጣል፤ ሁለቱ ነባሮች ስለሚቀሩ የማሞቂያው ዘይት ከማን እንደሚገዛ፣ የውኃው መዝጊያ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ይህቺን ነገር አስምሩባት። እኛ ኮሚቴ ስናወርድ ሁሉንም በአንድ ቀን ነው የምናወርደው፤ ከእነሱ ጋር ዕውቀቱም፣ ቁልፉም፣ አንዳንዴ ደረሰኙም አብሮ ይሄዳል።

ጥር ላይ ዓመታዊ ስብሰባ ይደረጋል። ባለአደራዎቹ ለሕንፃው የወጣውን ሳንቲም በሳንቲም ያነባሉ፤ የዘይት፣ የመብራት፣ የኢንሹራንስ፣ የጨው። (በረዶ ላይ የሚበተነው ጨው ነው።) አንድ ዓመት ምንጣፉ ይቀየር አይቀየር በሚል አርባ አምስት ደቂቃ ተከራክረው፣ በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ "እስኪ ለአንድ ዓመት ዝም ብለን እንየው" ብለው ዘጉት። ምንጣፉ እኛ ከዚያ ስንወጣም አልተቀየረም። ሁሉም ነገር ያማረ ነበር ማለቴ አይደለም። ዝግተኞች ናቸው። ቅሬታም አላቸው፤ የማይናገሩት ብቻ ነው። ሁሌ አቧራውን ሳያነሳ የሚያልፍ አንድ ቤተሰብ ነበር፣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አልነገረውም። ከእነሱ ቀጥሎ ተራው የሚደርሰው ቤተሰብ እጥፍ ይሠራ ነበር። እኔ ብሆን እናገር ነበር።

የማይነኩትም ሥራ አለ። ማሞቂያውን በዓመት አንዴ የሚፈትሽ ባለሙያ በክፍያ ይመጣል። የኤሌክትሪክ መስመር ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ይነካዋል፤ የእሳት ማጥፊያውም እንደዚያው። ፈቃደኛ ሠራተኛ በነፃ ስለሚሠራ ብቻ ሁሉን ይሥራ አይሉም። በረዶ ሲጥል አንዱ ገበሬ ላሞቹን አልቦ እንደጨረሰ ትራክተሩን ነድቶ ይመጣና የመኪና ማቆሚያውን ይገፋል፤ ደረጃውን ግን በአካፋ የሚጠርገው የሳምንቱ ባለ ተራ ነው። የመቃብሩን ሣር ወጣቶቹ በፈረቃ ያጭዳሉ። በድንጋዮቹ ዙሪያ ያለውን ሣር መከርከም ከማጨዱ ይብሳል፤ ባለቤቴ አንድ ሐምሌ ሞክሮት ለሦስት ቀን ወገቡን ይዞ ዋለ።

ጣሪያው የተቀየረው በ2010 እ.ኤ.አ. ግንቦት ነው። በአንድ ቅዳሜ። ከጉባኤው ውስጥ ኑሯቸው ጣሪያ መሥራት የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ሌሎቹም አዲስ አይደሉም፤ ገሚሶቹ ከካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ ከሜኖናይት የአደጋ ጊዜ አገልግሎት ጋር ወደ ደቡብ ወርደው የሰው ቤት ሲሠሩ ከርመዋል። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሠላሳ ሰው ጣሪያው ላይና ሥሩ ነበር። ወንድማማቾቹ ከሁሉ በፊት ያደረጉት ማን ጣሪያ ላይ እንደሚወጣና ማን መሬት እንደሚቀር መለየት ነው፤ ባለቤቴን ምስማር ለቀማ ሰጡት፣ ደስ አላለውም። ሴቶቹ ምድር ቤት የዶሮና የበቆሎ ሾርባ በትልቅ ብረት ድስት ጥደው፣ ከሜዳ የተቀጠፈ ናና ቀቅለው አቀዝቅዘው አቀረቡ። እኔ እንጀራ ባልወስድም ድፎ ዳቦ ጋግሬ ሄድኩ፤ ከሾርባው ጋር አለቀ።

ያን ቀን "ይህማ ደቦ ነው" ብዬ ለጎረቤታችን አስረዳኋት። አያቴ ለአጨዳ ሰው ጠርታ ጠላ ስትጠምቅ አይቻለሁ። ኋላ ሳስበው ግን የእነሱ ብልሃት ደቦው አይደለም፤ ደቦማ እኛም እናውቅበታለን። ለፋሲካ ዋዜማ ቤተ ክርስቲያን እናጽዳ ቢባል መቶ ሰው ይመጣል፣ ሻይ ይፈላል፣ ይዘመራል። ከዚያ በኋላ ያለው ተራ ሐሙስ ነው ጭንቁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን፤ የትኛው ሎሚ የማን እንደሆነ ካልተጻፈ ግን ሃምሳውም ተመልሶ አንድ ሰው ላይ ነው የሚወድቀው። ለመጻፉ ደግሞ እድሮቻችን ይበቁናል፦ ሰፈሩ ተመዝግቦ፣ ድንኳኑ፣ ድስቱና ወንበሩ ተቆጥሮ፣ ያልተገኘ ይቀጣል። የሜኖናይቶቹ ካርድ ከሁሉ ይበልጥ የሚመስለው የእድር መዝገብ ነው፤ ቅጣት ብቻ የለውም።

ጥፋቴንም ልናገር። በሦስተኛው ዓመት ተራችን ጥር ላይ ዋለ። ሐሙስ አጽድተን ስንወጣ ማሞቂያው ባዶ ቤት ሲያሞቅ አየሁና አንጀቴ ተቃጠለ። ጥር ላይ ዘይቱ በስንት እንደሚገዛ በስብሰባው ሰምቻለሁ። የሙቀት መቆጣጠሪያውን፣ ቴርሞስታቱን፣ ጨርሼ ዘጋሁት። ዓርብና ቅዳሜ ያ የማይረሳ ብርድ መጣ። እሑድ ጠዋት አንዱ ቀድሞ ገብቶ ማሞቂያውን ከፈተ፤ ቤቱ ሞቀ፤ ሰው ገባ። መሣሪያ ስለማይጠቀሙ የሚዘምሩት በአራት ድምፅ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው መዝሙር አልቆ ጸጥ ሲል ከታች ውኃ ሲፏፏ ተሰማ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ በሰሜኑ ግድግዳ በኩል ነው የሚያልፈው። በረዶ ሆኖ ተሰንጥቆ፣ ሲቀልጥ ለቀቀ።

ከባለአደራዎቹ አንዱ ሮጦ መዝጊያውን ዘጋ። ወንዶቹ የእሑድ ልብሳቸውን እጅጌ ሰብስበው ውኃ መጥረግ ያዙ። ስብከቱ አልቀረም፣ አጠረ እንጂ። እኔ ፎቅ ላይ ተቀምጬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሲያልቅ ሄጄ "እኔ ነኝ የዘጋሁት" አልኩ። ሰውየው ወደ ቧንቧው ወሰደኝና ከአዲሱ ስንጥቅ አጠገብ ያለውን አሮጌ ብየዳ በባትሪ አበራልኝ። "ይሄኛው አባቴ ናቸው" አለኝ። ሌላ አልጨመረም። በሚቀጥለው ወር ካርዱ እንደገና ታትሞ መጣ፤ ከሥር አንድ መስመር ተጨምሯል፦ ቴርሞስታቱ ከ55 በታች አይወርድም። በፋራናይት ነው፤ በእኛ 13 ዲግሪ ግድም። የማንም ስም አልተጻፈም።

በዚያው አካባቢ ያየሁት ሌላ ነገር እስካሁን ያስገርመኛል። አሮጌውን ሥርዓት የሚጠብቁ ሜኖናይቶች በ1927 እ.ኤ.አ. መኪና ይፈቀድ አይፈቀድ በሚል ለሁለት ተከፍለዋል። በፈረስ ጋሪ የጸኑት ግሮፍዴል፣ መኪና የፈቀዱት ዊቨርላንድ ይባላሉ። ሰዎቹ ሲለያዩ ግን አንዳንዶቹን መሰብሰቢያ ቤቶች አልተካፈሏቸውም፤ አንድ እሑድ እነዚህ፣ በሚቀጥለው እሑድ እነዚያ እየተፈራረቁ ይጠቀሙባቸዋል። በዚህ እሑድ ግቢው ጋሪ ብቻ፣ በሚቀጥለው ጥቁር መኪና ብቻ ሆኖ ታዩታላችሁ። በሕንፃ ምክንያት ፍርድ ቤት የተካሰሱ የእኛን አጥቢያዎች ስለማውቅ ይህን ሳይ ዝም ማለት ያቅተኛል። የሜኖናይቶች ዘመድ የሆኑት የአሚሾቹ ደግሞ ባሰ፤ ሕንፃ ጨርሶ የላቸውም። በየቤቱ በተራ ይሰበሰባሉ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ በጋሪ ተጭነው ከቤት ቤት ይዞራሉ። ይህንን እንኳ እኛም ቀምሰነዋል። ደርግ በጥር 1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስን ዘግቶ ሕንፃዎቹን ሲወርስ ምእመኑ ወደ 5,000 ነበር፤ በየቤቱ አምስት ስድስት እየሆነ ተሰብስቦ፣ ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆኖ ወጣ። እናቴ ሳሎን ውስጥ መጋረጃ ተዘግቶ በሹክሹክታ ሲዘመር ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ የጽዳት ጥያቄ አልነበረም፤ የባለቤቱ ቤት ነው፣ ባለቤቱ ያጸዳል።

በ2015 ወደ ሜሪላንድ ተዛወርን። የገባንበት የሐበሻ አጥቢያ ሕንፃ ከገዛ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ሁሉም ነገር በአንድ ወንድም ትከሻ ላይ ነው። ቁልፉ እሱ ጋ፣ ሣሩን እሱ፣ በረዶውን እሱ፣ መብራት ሲጠፋ ስልክ ለእሱ። ሚስቱ ለእኔ አልቅሳ ነግራኛለች። እኔም ባልዲዬን አስታውሼ ዝርዝር አወጣሁ። ከሸፈ።

ለምን እንደከሸፈ ብነግራችሁ የሚጠቅም ይመስለኛል። አንደኛ፣ የፊደል ተራው ለእኛ አይሠራም። እነሱ ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም አላቸው፤ እኛ ግን ባል በአባቱ፣ ሚስት በአባቷ ስለምንጠራ አንዱን ቤት ሁለት ቦታ ጽፌ፣ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ጠርቼ፣ አንዳንዱን ዘልዬ ተገኘሁ። ደግሞ ቀኑን ሐሙስ ማታ አድርጌዋለሁ፤ ከሰዉ ግማሹ ሐሙስ ማታ ፓርኪንግ ውስጥ ወይም ሆስፒታል ሺፍት ላይ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ሽማግሌዎቹን ከዝርዝሩ ማውጣቴ ነው። አክብሬ ነበር ያወጣኋቸው። ሰዉ ያየው ግን ሌላ ነው፤ "ለካ የወጣቶችና የሴቶች ሥራ ነው" ተባለ።

በሁለተኛው ዙር በስም መደርደሩን ተውኩት። በየሰፈሩ የቤት ለቤት ጸሎት ቡድኖች ነበሩን፤ ተራውን ለቡድን ሰጠን። አንድ ቡድን አንድ ወር ይይዛል፣ ቀኑን ራሱ ይመርጣል፤ የሲልቨር ስፕሪንጎቹ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ያጸዳሉ፣ ሌላው ቡድን ሰኞ ረፋድ። የመጀመሪያው ወር ሽማግሌዎቹ ያሉበት ቡድን እንዲሆን ለመንኩ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት አባት፣ ጋቢያቸውን ወንበር ላይ አንጠልጥለው ሽንት ቤቱን ሲያጥቡ አንድ ልጅ በስልኩ ፎቶ አነሳቸው፤ ተቆጥተው አስጠፉት። ከዚያ በኋላ "ተራዬ አይደለም" ያለኝ ሰው የለም። "ረሳሁት" ያለኝ አለ። ያ ወንድም ደግሞ ከሦስት ባለአደራዎች አንዱ ሆኖ ቀረ፤ ባለፈው ዓመት ተራው ደርሶ ሲወርድ ስልኩ ላይ የነበሩትን የቧንቧ ሠራተኛ፣ የጣሪያ ሠራተኛና የኢንሹራንስ ቁጥሮች አንድ ደብተር ላይ ገልብጦ አስረከበ።

ባልዲው አሁን ቀይ ነው። ካርዱ በአማርኛ ነው፤ የቴርሞስታቷ መስመር በወፍራም ተጽፋለች። የሽንት ቤት ሶፍት ማን ይግዛ የሚለው ግን አልተፈታም። የሜኖናይቶቹ ባለአደራዎች በጅምላ ገዝተው ምድር ቤት ይቆልሉት ነበር። እኛ ጋ አንዱ ቡድን ይገዛል፣ ሌላው "ያለፉት አልተዉልንም" ይላል። የሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ላይ አስገብቼዋለሁ፤ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው።